የነሐሱ ድብና የወርቁ አይጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዛሬው ትምህርት መነሻ አንድ ወንድማችን ያቀረበው ጥያቄ ነው። ወንድማችን ለቡ አካባቢ ከቻይናውያን ጋር ይሠራል። የጅቡቲው ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ ጣቢያው በዚሁ በእኛ በኩል ከቆመ ወዲህ በንፋስ ስልክ ላፍቶ እንዲህ ያለ እንጀራ ያገኙ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጥቂት አይደሉም። አብሮት ይሠራ የነበረ ቻይናዊ ውሉ አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ ከመዳፍ የማትበልጥ የነሐስ ድብ በስጦታ ሰጠው። ልቡ በዚያው ተሳበ። ኤሊ ጨመረ፣ ነብር ጨመረ፣ ዓሣ ጨመረ፤ ወደ ቻይና በሚመላለሱ ነጋዴዎች እያስመጣ መደርደሪያውን ሞላው። አንዳንዶቹን «የሁለት ሺህ ዓመት መቃብር ውስጥ የተገኘ ነው» ብለው ሸጠውለታል። ባለቤቱ ደግሞ «ጣዖት በተደረደረበት ቤት ጸሎት አላደርስም» ብላለች። ጥያቄው እንግዲህ እነዚህን ትንንሽ የነሐስ አራዊት ሰብስቦ በቤት ማስቀመጥ ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም የሚል ነው።

«ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ መገላገል ይቻል ነበር። ነገር ግን በዚህ አንድ ጥያቄ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች ተጠቅልለዋል። አንዱ ስለ ዕቃው ቅርጽ ነው። ሁለተኛው ዕቃው ከማን እጅ ወጥቶ ወደ ማን እጅ እንደ ገባ ነው። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው በመጀመሪያው ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝ ሁለተኛው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቶሎ ፈትተን ወደ ሁለተኛው እንለፍ።

በሲና ተራራ የተቀረጸ ምስል ሠርተው እንዳይሰግዱ ያዘዘ አምላክ፣ በዚያው ተራራ በታቦቱ መክደኛ ላይ ሁለት ኪሩቤል ከወርቅ እንዲሠሩ አዝዟል (ዘጸ. 20 እና 25)። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲሠራ ትልቁን የናስ ኩሬ በዐሥራ ሁለት የናስ በሬዎች ጀርባ ላይ አስቀመጠው፤ ሦስቱ ወደ ሰሜን፣ ሦስቱ ወደ ምዕራብ፣ ሦስቱ ወደ ደቡብ፣ ሦስቱ ወደ ምሥራቅ ይመለከቱ ነበር። በዙፋኑ ደረጃዎች ላይ ዐሥራ ሁለት አንበሶች አቁሟል። በሬ ነውና ይሰበር፣ አንበሳ ነውና ይውጣ ያለው ነቢይ የለም። እግዚአብሔር ሕጉን ከራሱ ትእዛዝ ጋር አያጋጭም፤ ሕጉ የከለከለው ለምስሉ መስገድን፣ ተስፋን በእርሱ ላይ መጣልን ነው።

አባቶቻችንም በዚሁ አስተሳሰብ ኖረዋል። ደብረ ዳሞ የወጣ ሰው ቀና ብሎ የጥንቱን ቤተ ክርስቲያን ጣራ ቢመለከት በእንጨት ላይ የተቀረጹ አንበሶች፣ ዝሆኖች፣ ግመሎች፣ አጋዘኖች ያያል። አቡነ አረጋዊን ወደዚያ አምባ ያወጣቸው ዘንዶ እንደ ሆነ ገድላቸው ይነግረናል፤ በሥዕላቸውም ላይ ዘንዶው አለ። ይሓ የሄደ ደግሞ በአባ አፍጼ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ላይ ከጥንቱ ቤተ መቅደስ ዘመን የተረፉ፣ ዋልያ የሚመስሉ ቀንዳም እንስሳት የተቀረጹባቸውን ድንጋዮች ያገኛል። ያ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ የአረማውያን ነበር። ክርስቲያኖቹ ድንጋዩን አልፈጩትም፤ ለእግዚአብሔር ቤት ግንብ አደረጉት። ከይሓና ከአካባቢው ከተቆፈሩት ነገሮች መካከል በበሬ፣ በዋልያ፣ በአንበሳና በወፍ አምሳል የተሠሩ ትንንሽ የነሐስ ማኅተሞችም አሉ። የወንድማችን ዓይነት ዕቃ እንግዲህ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ከክርስትና በፊት የነበሩ የእኛም አባቶች ነሐስ እያፈሰሱ እንስሳ ቀርጸዋል።

ታዲያ ነሐስ መቼ ጣዖት ይሆናል? ለዚህ ከሙሴ እባብ የተሻለ መምህር የለንም። በምድረ በዳ የተነደፉት እስራኤላውያን አይተው እንዲድኑ እግዚአብሔር ራሱ አዝዞ ያሠራው እባብ ነው። ጌታም ስለ ስቅለቱ ሲናገር ምሳሌ አድርጎታል። ይሁን እንጂ በሕዝቅያስ ዘመን ሕዝቡ ዕጣን እያጠነለት ስለ ተገኘ ንጉሡ ቀጥቅጦ ሰባበረው፤ ስለዚህም መጽሐፍ አመሰገነው (2ነገ. 18፥4)። ነሐሱ ያው የሙሴ ነሐስ ነው፤ ዕጣኑ ግን አዲስ ነበር።

ይህን ከቤታችን ነገር ጋር እናገናኘው። ጨሌ የምንለው ዶቃ መርካቶ በየሱቁ የሚሸጥ መስታወት ነው። ልጅቷ ለጌጥ ብታስረው ማንም አይቆጣትም። ነገር ግን ያንኑ ጨሌ ሣር ጎዝጉዛ፣ ቡና አፍልታ፣ ዕጣን አጢሳ «ቤተሰቤን ጠብቅ» ካለችው አምልኮ ባዕድ ነው። የቻይናው ነሐስም እንዲሁ ነው። ከሚሸጡት መካከል ሳንቲም በአፏ የያዘች ባለ ሦስት እግር እንቁራሪት አለች፤ ገንዘብ ትጠራለች እየተባለ በሱቅ መግቢያ ትቀመጣለች። ወንድማችን እርሷን «ሥራዬን ታቃናልኛለች» ብሎ ካስቀመጣት፣ ከዕጣኑ መንገድ አንዱን እርምጃ ተራምዷል ማለት ነው። ውበቷን ወዶ፣ የሠሪዋን እጅ አድንቆ ካስቀመጣት ግን ከነሐስነት አታልፍም። ኃጢአት በሐልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር ይፈጸማል ብለን የምናስተምረው ለዚህ ነው፤ ዕቃው ብቻውን ሆኖ የሚሠራው ኃጢአት የለም።

ስለ ድቢቱ ደግሞ ጥቂት ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የምንፈራው የማናውቀውን ነው። ቻይናውያን ወንበር ከመልመዳቸው በፊት እንደ እኛ አያቶች በምንጣፍ ላይ ይቀመጡ ነበር። በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ ከጌታ ልደት በፊት በሁለት መቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ፣ የምንጣፉ ጫፍ እንዳይታጠፍና እንዳይንሸራተት በአራቱ ማዕዘን ከባድ ነገር ያኖሩበት ነበር። ያ ከባድ ነገር ድብ፣ ነብር፣ ወይም የተኛ አጋዘን ሆኖ ከነሐስ ይሠራል፤ ክብደት እንዲኖረው አንዳንዱ ውስጡ እርሳስ ይሞላል። እንስሳቱ ሁልጊዜ የተኮራመቱ፣ ዝቅ ያሉና ክብ ናቸው። የቆመ ቀንድ ወይም የሾለ ጆሮ ቢኖራቸው የሚቀመጠውን ሰው ረጅም እጅጌ ይይዙት ነበር። ወንድማችን ያሳየኝ ድብ እግሮቿን አጣጥፋ፣ አንዱን መዳፏን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ አገጯ ከደረቷ ተጣብቋል። የቤት ዕቃ አምሳል ናት። ለዚህች የሰገደ የለም።

ሁሉም እንዲህ የዋህ ነው ማለት ግን አይደለም። ከዚያ በፊት በሻንግና በዡ ነገሥታት ዘመን የተሠሩት ታላላቅ የነሐስ ዕቃዎች ለሙታን አባቶች ምግብና መጠጥ የሚቀርብባቸው ነበሩ። አንያንግ በተባለው ስፍራ በ1976 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የእመቤት ፉ ሃዎ መቃብር ከ400 በላይ የነሐስ ዕቃ ይዞ ተገኝቷል። እርሷ የኖረችው ከጌታ ልደት በፊት በ1200 ዓመት አካባቢ ነው። ከዕቃዎቹ መካከል በጉጉት አምሳል የተሠሩ የመጠጥ ማድጋዎች አሉ። እነዚያ በርግጥ የአምልኮ ዕቃዎች ነበሩ። ዛሬ ግን መሥዋዕት የሚያቀርብባቸው የለም፤ በቤተ መዘክር ቆመው የጥንቱን ሰው እጅ ጥበብ ይመሰክራሉ። ቅዱስ ጳውሎስ ለጣዖት ስለ ተሠዋ ሥጋ ቆሮንቶሳውያንን ሲያስተምር ጣዖት ከንቱ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ሥጋውን አይፈራም ብሏል። በዚያው ምዕራፍ ግን የደካማውን ወንድም ኅሊና ማቁሰል ክርስቶስን መበደል እንደ ሆነ አክሏል። ወንድማችን የመጀመሪያውን ግማሽ ይዞ ከሚስቱ ጋር ሊከራከር መጥቶ ነበር፤ ሁለተኛውን ግማሽ ይዞ ቢመለስ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ከበደው ነገር እንግባ።

የሁለት ሺህ ዓመት ነሐስ ከየት ይመጣል? ከመሬት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከመቃብር። በቻይና ሕግ ከመሬት በታች ያለ ቅርስ የመንግሥት ነው። ከ1911 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ቅርስም ከአገር እንዳይወጣ ተከልክሏል። ስለዚህ ሻጩ «ከመቃብር የወጣ ነው» ሲል ከሁለት አንዱን እየተናገረ ነው። እውነቱን ከሆነ ሌሊት ቆፍሮ የሰውን አፅም የበተነ ሌባ አለ፣ ድንበር ያሻገረ ሌላ አለ፣ የሁሉንም ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ ገዢው ነው። ውሸቱን ከሆነ ወንድማችን ገንዘቡን ተበልቷል። እኔ በበኩሌ ተበልቶ ቢሆን እመርጥለታለሁ፤ የገንዘብ ጉዳት ከነፍስ ጉዳት ይቀላልና።

ደግሞም ሳይበላ አልቀረም። የእውነተኛ ጥንታዊ ነሐስ ዝገት ከብረቱ ውስጥ በመቶዎች ዓመታት ያደገ ነው፤ ከሥር ቀይ፣ ከላይ አረንጓዴ፣ አልፎ አልፎ ሰማያዊ ሆኖ በንብርብር ይቀመጣል፣ በቀላሉም አይለቅም። ሐሰተኛው አረንጓዴ በአሲድ የተቃጠለ ወይም በሙጫና በቀለም የተለጠፈ ነው። ዓሣዋን በሙቅ ውኃ በራሰ ጥጥ ስናሻት ጥጡ አረንጓዴ ሆነ፤ ከሆዷ ሥር አዲስ ብጫ ብረት አበራ። የአንድ ሳምንት ዕድሜ ይኑራት የአንድ ዓመት ሻጩ ያውቃል። ወንድማችን ፊቱ ጠቆረ፤ እኔ ግን ደስ አለኝ።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ሰብሳቢ ልብ ከተናገረው ሁሉ የአካን ታሪክ ይበልጥብኛል (ኢያሱ 7)። ኢያሪኮ ስትወድቅ በውስጧ ያለው ሁሉ እርም ነበር። አካን አንድ ያማረ የሰናዖር ካባ፣ ሁለት መቶ ሰቅል ብር፣ አምሳ ሰቅል የሚመዝን ወርቅ አየ። ኋላ ሲናዘዝ አየሁ፣ ተመኘሁ፣ ወሰድሁ፣ ቀበርሁ እያለ በቅደም ተከተል ተናገረ። ካባው ጣዖት አልነበረም፤ ልብስ ነበር። ጥፋቱ ከቅርጹ ጋር አንዳች አልተገናኘም። ደግሞ ልብ በሉ፤ ሊለብሰው አልቻለም፣ ከድንኳኑ ሥር ነው የቀበረው። የተሰረቀ ቅርስ የሚሰበስቡ ሀብታሞችም ለእንግዳ የማያሳዩት ክፍል አላቸው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት አባቶቻችን ይህን አይተው ነው።

የሚሰርቅ ሁልጊዜ ጨለማ ለብሶ የሚመጣ አይምሰላችሁ፤ ሰንደቅ ዓላማ ይዞም ይመጣል። በ1860 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር ፔኪንግ ገብቶ የቻይናውን ንጉሠ ነገሥት የበጋ ቤተ መንግሥት ዘርፎ አቃጠለው። በዚያ ቤተ መንግሥት የውኃ ምንጭ ዙሪያ ዐሥራ ሁለት የነሐስ እንስሳት ራሶች ነበሩ፦ አይጥ፣ በሬ፣ ነብር፣ ጥንቸል፣ ዘንዶ፣ እባብ፣ ፈረስ፣ ፍየል፣ ዝንጀሮ፣ ዶሮ፣ ውሻና ዓሣማ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠሩ ናቸው፣ እንደ ቻይና ዘመን አቆጣጠር ትናንት ማለት ነው። ራሶቹ ተበተኑ። በ2009 እ.ኤ.አ. አይጡና ጥንቸሉ ፓሪስ ላይ ለጨረታ ሲቀርቡ ያሸነፈው ቻይናዊ ተጫራች «የተዘረፈብንን በገንዘብ አንገዛም» ብሎ ሳይከፍል ቀረ። በ2013 እ.ኤ.አ. አንድ የፈረንሳይ ባለሀብት ቤተሰብ ሁለቱን ለቻይና መለሰ። እስካሁን ሰባቱ ተመልሰዋል።

ይህን ለምን አነሣሁት? በዚያ የቻይና ዘመቻ ከእንግሊዝ ጦር ሁለተኛውን ክፍለ ጦር ይመራ የነበረው ሮበርት ናፒየር ነው። ስሙን አውቃችሁታል። ከስምንት ዓመት በኋላ ያው ናፒየር መቅደላ ላይ ደረሰ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ። ወታደሩ ቤተ መንግሥቱንና የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን በረበረ፤ ታቦቱ፣ ዘውዱ፣ ጽዋው፣ መስቀሉ፣ የብራና መጻሕፍቱ በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭነው ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጡ። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከ ሪቻርድ ሆልምስ የተባለ ሰው በጨረታው ላይ ዋና ገዢ ነበር። እንግዲህ ሕጋዊ ጨረታ ነበር፤ ደረሰኝ ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን የመቅደላን ጽዋ በመስታወት ሣጥን ውስጥ አይተን ካለቀስን፣ የሌላውን ሕዝብ መቃብር ዕቃ በእኛ መደርደሪያ ላይ አድርገን እንዴት እንስቃለን? ለራሳችን የምንጠይቀውን ፍርድ ለቻይናዊውም መፍረድ አለብን። እኛና እነርሱ በአንድ ጄኔራል የተዘረፍን ነን።

ዘራፊው ባዕድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትምህርቱ እዚህ ባበቃ ነበር። በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም አፍሮ አይገባ መስቀል ተሰረቀ፤ ድውያን የሚባረኩበት ያ ታላቅ መስቀል ነው። ኋላ በአንድ ቤልጂየማዊ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ ተመለሰ። ሰብሳቢው አገር ውስጥ ያለ እጅ ሳያግዘው አላገኘውም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ግዴታው ነው። እርሻ ሲታረስ የወጣ የአክሱም ሳንቲም፣ ከገጠር ደብር «ተገኘ» ተብሎ በደላላ እጅ የሚዞር የእጅ መስቀል ወይም ብራና የሚገዛ ክርስቲያን፣ ለጌጥም ሆነ ለበረከት ቢገዛው፣ የአካንን ካባ ገዝቷል። በረከት በስርቆት አይገኝም። ይህን የምናገረው ስለ ቻይና አይደለም፤ እዚሁ ከጎፋ እስከ ጀሞ ባሉ ሳሎኖች ውስጥ ከየት እንደ መጡ የማይጠየቁ መስቀሎች ተሰቅለዋል።

ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ አሁን ምን ላድርግ?» ይላል። መጽሐፍ ለዚህም ትንንሽ እንስሳትን አዘጋጅቶልናል፤ ከዚህ ታሪክ በላይ ከጉዳያችን ጋር የሚገጥም አላውቅም። ፍልስጤማውያን ታቦተ ጽዮንን ማርከው በዳጎን ቤት አኖሯት። ሰባት ወር ሙሉ መቅሠፍቱ አልለቀቃቸውም። ታቦቷን እንዴት እንመልስ ብለው ሲጠይቁ ካህናቶቻቸው ባዶዋን አትስደዱ፣ የበደል መሥዋዕት ጨምሩ አሏቸው። አምስት የወርቅ እባጮችና አምስት የወርቅ አይጦች ሠሩ፤ አገራቸውን ያጠፉ አይጦች ነበሩና። እነዚያን በሣጥን አድርገው ከታቦቷ አጠገብ በአዲስ ሠረገላ ላይ ጫኑ፤ ያልተጠመዱ ሁለት የሚያጠቡ ላሞች ወደ ቤትሳሚስ ቀጥ ብለው ወሰዷት (1ሳሙ. 6)። በወርቅ አይጥ የተቆጣ የለም። አይጦቹ የበደሉን መታመን ይዘው የሄዱ ዕቃዎች ነበሩ። አረማውያን ካህናት የተማረከ ነገር ያለ ካሣ እንደማይመለስ አውቀው ነበር፤ ዘኬዎስም ጌታ ወደ ቤቱ ሲገባ በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናግሯል። የንስሐ አባት ስለ ተሰረቀ ነገር የሚናዘዝ ሰው ሲመጣ ከጸሎትና ከስግደት በፊት «ዕቃው የት ነው?» ብሎ መጠየቁ ከዚህ የመጣ ነው።

በእኛ ዘመንም ሆኗል። በ2001 እ.ኤ.አ. ኤድንብራ ከተማ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ቄስ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ነገር አገኘ፤ ከመቅደላ የተወሰደ ታቦት ነበር። ቄሱ በኢትዮጵያ ቆይቶ ያውቅ ስለ ነበር ምን እንዳገኘ ገባው። ማንም አላስገደደውም፤ ፖሊስም አልመጣበትም። ቤተ ክርስቲያኑ ታቦቱን መለሰ፤ በ1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው።

ለወንድማችን እንግዲህ የምንመልሰው ይህን ነው። ድቢቱ የወዳጅ ስጦታ ናት፣ አዲስ ሥራ ናት፣ የቤት ዕቃ አምሳል ናት፤ ያዛት። የሰጠህን ሰው «ጣዖት አምላኪ» ብለህ እንዳታማው፤ ስጦታውን የሰጠህ በወዳጅነት ነው። መደርደሪያህ ግን በምሥራቅ ግድግዳ ሥዕለ አድኅኖ ከተሰቀለበት ጎን እንደ ሆነ ነግረኸኛል። ከዚያ አንሣው። ባለቤትህ የምትጸልይበት ስፍራ የእርሷም ነው፤ ነብርና ኤሊ እያየች ሐሳቧ ከተበተነ፣ አንተ በዕውቀትህ ትክክል መሆንህ አይጠቅማትም። ወደ ሥራ ቦታህ ብትወስዳቸው ነገሩ ያልቃል። እንቁራሪቷን «ለዕድል» ገዝተሃት ከሆነ ለንስሐ አባትህ ንገር፣ እርሷንም አስወግድ፤ ለሌላ ሰው ለዕድል አትሽጣት። ከእንግዲህ ማንም «ከመቃብር የወጣ» ብሎ ቢያመጣልህ ዋጋ አትጠይቅ፤ ከየት እንዳመጣው ጠይቅ። መልስ ከሌለው አትግዛ። አንድ ቀን እውነተኛ ጥንታዊ ነገር እጅህ ቢገባ የእኛ ከሆነ ወደ ቅርስ ባለሥልጣን፣ የእነርሱ ከሆነ ወደ ኤምባሲያቸው ውሰደው።

ከመውጣታችሁ በፊት አንዲት እናት «ጠበል ይረጭባቸው ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። ጠበል ለሰውና ለቤት ነው፤ ቤቱ ይረጭ፣ ባልና ሚስቱም ይጠመቁ። ነሐሱን በጨርቅ መወልወል ይበቃዋል፤ እርጥበት ከነካው ይዝጋልና።

ይቆየን።